ቨርሚኮምፖስት

ቨርሚኮምፖስት ወይም የትል ኮምፖስት የረገፈ ቅጠል፣ የወጥ ቤት ትራፊ፣ እበት፣ ገለባና ሌላም የሚበሰብስ ነገር በምድር ትሎች አማካኝነት ተለውጦ የሚገኝ የተፈጥሮ ማዳበሪያ ነው። ትሎቹ የበሉት በአንጀታቸው አልፎ ሲወጣ ጥቁር፣ የደቀቀና ዝናብ እንዳገኘው የጫካ አፈር የሚሸት ኩስ ይሆናል። ስያሜው ትል የሚል ትርጉም ካለው «ቨርሚስ» ከተባለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። ቃሉ ለውጤቱም ለአሠራሩም ያገለግላል፤ ትሎቹን ራሳቸውን ማርባት ግን ቨርሚካልቸር ይባላል።

ከተለመደው ኮምፖስት ዋናው ልዩነቱ ሙቀት ነው። በጉድጓድ ወይም በክምር የሚዘጋጅ ኮምፖስት በደንብ ከተሠራ ውስጡ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቃል፤ አየር እንዲያገኝም በየጊዜው ይገላበጣል። በዚያ ሙቀት ውስጥ ትል አይኖርም። ቨርሚኮምፖስት ቀዝቃዛ ሥራ ነው፤ የመገላበጡንና የማድቀቁን ሥራ ትሎቹ ይሠሩታል። ከሰው የሚጠበቀው ጉልበት ሳይሆን ክትትል ነው። ብዙዎች በጉጉት ጀምረው በሁለት ወር ውስጥ የሚተዉትም ጉልበት ስላነሳቸው አይደለም፤ ትሉ በእርግጥ ምን እንደሚበላና የትኛው ትል ለዚህ ሥራ እንደተፈጠረ ሳያውቁ ስለሚጀምሩ ነው።

ትሉ የሚበላው ምንድን ነው?

ትል ቅጠል ይበላል ሲባል ነገሩ ግማሽ እውነት ነው። የምድር ትል ጥርስ የለውም። ደረቅ ቅጠል ቢቀርብለት አይነካውም ማለት ይቻላል፤ ቅጠሉ ረጥቦ፣ ሻጋታና ባክቴሪያ ሰፍሮበት ሲለሰልስ ግን ይመገበዋል። ከሚውጠው ነገር ዋናውን ምግብ የሚያገኘውም ከቅጠሉ አካል ይልቅ በላዩ ከተራቡት ባክቴሪያዎች፣ ፈንገሶችና ሌሎች ረቂቅ ተሕዋስያን ነው። የዋጠውን የሚፈጨው ዶሮ ጠጠር ውጣ እህል እንደምትፈጭበት ባለ ጡንቻማ ከረጢት ሲሆን ለዚህም ደቃቅ አሸዋ ያስፈልገዋል። በማደሪያው ውስጥ ጥቂት እፍኝ አፈር ወይም የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት የሚጨመረው ስለዚህ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ሲታይ ትል አርቢው የሚቀልበው ሁለት መንጋ ነው። መጀመሪያ የሚቀለቡት ዓይን የማያያቸው ተሕዋስያን ናቸው፤ ትሎቹ የሚበሉት ከእነርሱ ማዕድ ላይ ነው። ቅጠሉን መሰባበር፣ ማርጠብ፣ ከእበት ጋር መቀላቀልና ለጥቂት ሳምንታት ማቆየት የሚባሉት ምክሮች ሁሉ ተሕዋስያኑ ሥራቸውን ቶሎ እንዲጀምሩ ለማድረግ የሚሰጡ ናቸው። ምግቡ ትሎቹ ከሚችሉት በላይ ከበዛ ደግሞ እነዚያው ተሕዋስያን ጠላት ይሆናሉ፤ ክምሩን ያሞቁታል ወይም ኦክስጅኑን ጨርሰው ያሸቱታል።

የምድር ትል ሳንባም የለውም፤ የሚተነፍሰው በቆዳው ነው። ቆዳው ኦክስጅን የሚያሳልፈው ደግሞ እርጥብ ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ ማደሪያው ከ70 እስከ 85 በመቶ እርጥበት እንዲኖረው ይፈለጋል፤ ውኃ ካቆረ ግን አየር አጥቶ ይታፈናል። መለኪያው እጅ ነው። ከማደሪያው ጥቂት በእፍኝ ተይዞ ሲጨመቅ በጣቶች መካከል ጥቂት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው፤ ውኃው ከወረደ በዝቷል፤ እጅን ሳያረጥብ ከተበተነ ደርቋል። ተስማሚው የሙቀት መጠን ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ነው። ከ35 ዲግሪ በላይ ትሎቹ ይሞታሉ፤ ቅዝቃዜ ሲበረታ ደግሞ መብላትና መራባት ያቆማሉ። ዓይን ባይኖራቸውም ብርሃን ይሰማቸዋል፤ ከብርሃንም ይሸሻሉ።

የትኛው ትል?

ፈረንሳዊው ተመራማሪ ማርሴል ቡሼ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የምድር ትሎችን በአኗኗራቸው በሦስት መደባቸው። የመጀመሪያዎቹ ከአፈሩ በላይ፣ በረገፈ ቅጠልና በእበት ክምር ውስጥ የሚኖሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀላ ያሉ ትሎች ናቸው። ሁለተኛዎቹ አፈር ውስጥ በአግድም እየተጓዙ አፈሩን ራሱን የሚበሉ ገርጣ ያሉ ትሎች ናቸው። ሦስተኛዎቹ ወደ ታች ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ይኖራሉ፤ ሌሊት ወደ ላይ እየወጡ ቅጠል ወደ ጉድጓዳቸው ይጎትታሉ።

ለቨርሚኮምፖስት የሚሆኑት የመጀመሪያዎቹ ብቻ ናቸው። በጓሮ ሲቆፈር የሚገኘው ትል ብዙውን ጊዜ ከሁለተኛው ወገን ነው፤ በቅጠልና በትራፊ በተሞላ ሳጥን ውስጥ ቢገባ የሚበላውን አፈር አጥቶ ይሞታል ወይም ያመልጣል። ለእርሻው ጠቃሚ የሆነ ትል ከቦታው ተነቅሎ በከንቱ ይጠፋል፤ ሥራውም «ትል አይረባልኝም» ተብሎ ይተዋል።

በዓለም ላይ በብዛት የሚረባው አይሴኒያ ፌቲዳ የሚባለው ቀይ ትል ነው። በቀይ ሰውነቱ ላይ ቢጫማ መስመሮች ስላሉት የነብር ትል ብለው የሚጠሩትም አሉ። ሳቪኒ የተባለ ፈረንሳዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ በ1826 (እ.ኤ.አ.) ሳይንሳዊ ስም ሲሰጠው «ፌቲዳ» ያለው ሲነካ የሚሸት ፈሳሽ ስለሚያወጣ ነው። አይሴኒያ አንድሬ የሚባለው የቅርብ ዘመዱ ያለ መስመር ወጥ ቀይ ነው፤ ሁለቱ በገበያ ላይ ብዙ ጊዜ ተቀላቅለው ይገኛሉ። ለሞቃት ቦታ ዩድሪለስ ዩጂኒዬ የሚባለው ትል ይመረጣል። ይህ ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ፣ በመጠኑ ተለቅ ያለና ፈጣን በላተኛ ሲሆን ቅዝቃዜ ግን አይችልም። በእስያ ፔሪዮኒክስ ኤክስካቫተስ የሚባለው ሰማያዊ ትል የተለመደ ነው፤ ጠባዩ ካልተመቸው በአንድ ሌሊት ሳጥኑን ጥሎ በመውጣት ይታወቃል።

እያንዳንዱ ትል ወንድም ሴትም ነው፤ ሆኖም ለመራባት ሁለት ትሎች መገናኘት አለባቸው። ለመራባት የደረሰ ትል ከራሱ ወረድ ብሎ በሚታይ ወፍራም መቀነት ይለያል። እንቁላሎቹ የሚቀመጡት ሎሚ በሚመስል፣ ከጤፍ በሚበልጥና ከስንዴ በሚያንስ ከረጢት ውስጥ ነው። ምቹ ሙቀት ካለ ከረጢቱ በሦስት ሳምንት ገደማ ተፈልፍሎ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ጫጩቶች ይወጣሉ፤ እነርሱም በሁለት ወር አካባቢ ራሳቸው ይራባሉ። ቦታና ምግብ ሲያንሳቸው መራባቱን ይቀንሳሉ እንጂ ሳጥኑን ሞልተው አይፈስሱም። ትል ለሁለት ሲቆረጥ ሁለት ትል ይሆናል የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። የፊተኛው ክፍል በቂ ርዝመት ካለው ጅራቱን መልሶ ሊያበቅል ይችላል፤ የኋለኛው ክፍል ግን ይሞታል።

የረገፈ ቅጠል

ዛፍ ቅጠሉን ከማርገፉ በፊት በውስጡ ካለው ናይትሮጅንና ሌላ ንጥረ ነገር አብዛኛውን ወደ ግንዱ ይመልሳል። መሬት ላይ የሚወድቀው ካርቦን የበዛበት ቀሪው ነው። ተሕዋስያን ደግሞ ሰውነታቸውን ለመገንባት ናይትሮጅን ይፈልጋሉ። ለሥራው ተስማሚ የሆነው መነሻ በአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ያለበት ድብልቅ ነው። በደረቅ ቅጠል ይህ ምጣኔ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 80 ይደርሳል፤ በእህል ገለባ 80 አካባቢ ነው፤ በሰጋቱራ በመቶዎች ይቆጠራል። በላም እበት 20 ገደማ ሲሆን በአትክልት ልጣጭ ከዚያም ያነሰ ነው። ቅጠል ብቻውን ሲከመር ለብዙ ወራት ሳይለወጥ የሚቆየው መርዝ ኖሮት ሳይሆን ናይትሮጅን ርቦት ነው። እበት ወይም አረንጓዴ ትራፊ ሲደባለቅበት ነገሩ ይቀየራል።

የቅጠሉም ዓይነት ይለያያል። የዋንዛ ቅጠል ሰፊና ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይበሰብሳል። እንደ ሰስፓኒያና ሉኪኒያ ያሉ የአባዝርት ወገን የሆኑ ዛፎች ቅጠል በናይትሮጅን የበለጸገ ነው። የባሕር ዛፍ፣ የግራቪሊያና የፓቱላ ጥድ ቅጠል ግን ጠንካራ ነው፤ የባሕር ዛፉ በተለይ ዘይትና ተሕዋስያንን የሚገታ ኬሚካል አለበት። ይህ ማለት አይሆንም ማለት አይደለም። ለረጅም ጊዜ ዝናብ ሲመታው ወይም ደጋግሞ ሲረጥብና ሲታጠብ፣ ከዚያም በብዙ እበት ሲበረዝ ትሎቹ ይቀበሉታል። ትኩሱን ቅጠል አምጥቶ በሳጥን መሙላት ግን ትሎቹን ማባረር ነው።

ለማዘጋጀት ቅጠሉ ይሰባበራል፤ አንድ ቀን ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል ወይም በደንብ ይረጫል። ከዚያም ከእበት ጋር ተደባልቆ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይከመራል። በዚህ ጊዜ ክምሩ ይሞቃል፤ ትሎቹ የሚገቡት ሙቀቱ ወጥቶ ሲያልቅ ነው። ጥርጣሬ ካለ ሁሉንም ትል በአንድ ጊዜ ከማስገባት ይልቅ አምስት ወይም ስድስት ትሎች በላዩ አስቀምጦ በማግሥቱ ማየት ይሻላል። ወደ ውስጥ ገብተው ከተገኙ ድብልቁ ደርሷል፤ ጠርዝ ላይ ተሰብስበው ወይም ሞተው ከተገኙ ገና ነው።

ከመንገድ ዳር የተጠረገ ቅጠል ላስቲክ፣ የባትሪ ስብርባሪና የመኪና አቧራ ይቀላቀልበታል። ትል ካድሚየምን የመሰሉ ከባድ ብረቶችን በሰውነቱ ያከማቻል እንጂ አያጠፋቸውም፤ ብረት አይበሰብስም። የደን ወለል ቅጠልንም እየጠረጉ መውሰድ አይመከርም። ያ ቅጠል የደኑ የራሱ ማዳበሪያ ነው፤ አፈሩንም ከጎርፍ ይሸፍናል። ለዚህ ሥራ የሚሻለው ከጓሮ፣ ከግቢና ከአጥር ሥር የሚጠረገው ነው።

አዘገጃጀት

ማደሪያው ከእንጨት፣ ከፕላስቲክ፣ ከጡብ ወይም ከቀርከሃ ሊሠራ ይችላል። አስፈላጊው ጥልቀቱ ሳይሆን ስፋቱ ነው፤ እነዚህ ትሎች የሚመገቡት ከላይኛው ክፍል ስለሆነ ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ታችኛው ይታፈናል። ከሥሩ ውኃ የሚያሳልፍ ቀዳዳ፣ ከላዩ ጥላ ያስፈልገዋል። መደቡ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ የተቀደደ ካርቶንና የሰከነ እበት ድብልቅ ይሆናል። በላዩ እርጥብ ጆንያ ይለበሳል።

በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ ትል በቀን የክብደቱን ግማሽ ያህል ይበላል። በቀን ግማሽ ኪሎ ትራፊ የሚያወጣ ቤት እንግዲህ አንድ ኪሎ ትልና እስከ አንድ ካሬ ሜትር የሚደርስ ስፋት ይፈልጋል ማለት ነው። አንድ ኪሎ ወደ 2,000 የሚጠጉ የደረሱ ትሎች አሉት። በዚያ መጠን መጀመር ግን ግዴታ አይደለም፤ ጥቂት መቶ ትሎች በወራት ውስጥ ይበዛሉ፤ ምግቡም በዚያው ልክ ይጨመራል። የሚጨመረው ከሁለት እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ስስ ንጣፍ ሲሆን ቀጣዩ የሚሰጠው የበፊቱ ሲያልቅ ነው።

የአትክልትና የፍራፍሬ ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የሻይ ቅጠል፣ ወረቀትና ካርቶን ጥሩ ምግብ ናቸው። ሥጋ፣ ቅባትና ወተት አይጥና ዝንብ ይጠራሉ። ወጥ ደግሞ ጨው፣ ዘይትና በርበሬ ስላለበት አይሆንም፤ ከሁሉም የሚጎዳው ጨው ነው። የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ በብዛት ሲገባ ማደሪያውን ያኮመጥጠዋል። የተረፈ እንጀራ በጥቂቱ ችግር የለውም። የጠላ አተላ ኮምጣጣና ቶሎ የሚግል ስለሆነ ከደረቅ ቅጠል ጋር በደንብ ተደባልቆና ሰንብቶ ካልሆነ በቀር አይሰጥም። ትኩስ የዶሮ ኩስና የከብት ሽንት አሞኒያ ስላለባቸው ትሎቹን ይገድላሉ።

ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ጥንቃቄ አለ። የሆድ ትል መድኃኒት የተሰጠው ከብት እበት ለተወሰነ ጊዜ የመድኃኒቱን ቅሪት ይይዛል። እንደ አልቤንዳዞል ያለው መድኃኒት የከብቱን ጥገኛ ትልና የምድር ትልን አይለይም። እንዲህ ያለው እበት ለብዙ ሳምንታት ተከምሮ ካልሰነበተ መጠቀም አደጋ አለው።

ደህና የሆነ ማደሪያ አይሸትም። የበሰበሰ እንቁላል ዓይነት ሽታ ከመጣ ውኃ ወይም ምግብ በዝቶ አየር አልቋል፤ መመገቡን ለጊዜው ማቆምና ደረቅ የተሰባበረ ቅጠል ወይም ካርቶን መቀላቀል ይበቃል። ጉንዳን ከገባ ማደሪያው ደርቋል ማለት ነው፤ የሳጥኑን እግሮች ውኃ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ማቆም ይከላከለዋል። ክር የሚያካክሉ ነጫጭ ትሎች ከታዩ የኮመጠጠ ምግብ መብዛቱን ያሳያሉ እንጂ ጉዳት የላቸውም። ትሎቹ በጅምላ ወደ ክዳኑ መውጣት ከጀመሩ ግን ማደሪያው ውስጥ ሙቀት፣ አሞኒያ ወይም ጨው አለ፤ ይህ በዚያው ቀን መታየት ያለበት ነገር ነው። ዶሮ ደግሞ ክዳን ካልተደረገ ሥራውን ሁሉ በአንድ ጠዋት ትጨርሰዋለች።

ከሁለት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ማደሪያው ወደ ጥቁር ፍርፋሪ ይለወጣል፤ መጠኑም በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ትሎቹን ለመለየት ቀላሉ ዘዴ ምግብ በአንድ ጎን ብቻ መስጠት ነው፤ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ አብዛኞቹ ወደዚያ ይሻገራሉ። ለሚቸኩል ሰው ብርሃን አለ፤ ኮምፖስቱ ብርሃን ባለበት በላስቲክ ላይ በትንንሽ ክምር ሲቀመጥ ትሎቹ ወደ ሥር ይሸሻሉ፤ ላይ ላዩ እየተነሣ ይወሰዳል። የተሰበሰበው በጥላ ሥር፣ አየር በሚያገኝ ከረጢት፣ እርጥበቱ ሳይጠፋ ይቀመጣል። ፀሐይ ላይ ማድረቅ ተሕዋስያኑን ይገድላል።

ይዘቱና ወሰኑ

ቨርሚኮምፖስት በአብዛኛው ከ1 እስከ 2 በመቶ ናይትሮጅን ይይዛል፤ ፎስፈረስና ፖታሲየምም አለው። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ በአንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ ያለውን 46 ኪሎ ናይትሮጅን ለማግኘት 1.5 በመቶ ናይትሮጅን ካለው ቨርሚኮምፖስት ከ30 ኩንታል በላይ ያስፈልጋል፤ ያም ቢሆን ናይትሮጅኑ ቀስ እያለ ስለሚለቀቅ ሁሉም በመጀመሪያው ዓመት ለሰብሉ አይደርስም። የዩሪያን ቦታ ሙሉ በሙሉ ይተካል ብሎ ለሰፊ ማሳ ማስተዋወቅ አርሶ አደርን ያሳስታል። ትል ንጥረ ነገር አይፈጥርም፤ ከሳጥኑ የሚወጣው ወደ ሳጥኑ የገባው ነው። የትሉ ሥራ የገባውን ለተክል በሚመች መልክ ማቅረብ ነው።

ጥቅሙ ያለው ዩሪያ በማይሰጠው ነገር ነው። የአፈሩን ብስባሽ ይጨምራል፤ ውኃ እንዲይዝ ያደርገዋል፤ ልዩ ልዩ ጥቃቅን ንጥረ ነገሮችና ብዙ ተሕዋስያን ያመጣል። ክላይቭ ኤድዋርድስና ባልደረቦቹ በአሜሪካ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባደረጓቸው የግሪን ሃውስ ሙከራዎች፣ በችግኝ አፈር ውስጥ ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህል ቨርሚኮምፖስት መቀላቀል እድገትን እንደሚያሻሽል አሳይተዋል። ይህም ሁሉም ችግኞች እኩል ንጥረ ነገር ባገኙበት ሁኔታ ጭምር የታየ ሲሆን፣ ድርሻው ከመጠን ሲያልፍ ግን እድገቱ ቀንሷል። ስለዚህ ለችግኝ፣ ለጓሮ አትክልትና ለፍራፍሬ ጉድጓድ ሲውል ከሁሉ የተሻለ ዋጋ ያወጣል።

የጤናም ወሰን አለው። ክምሩ ስለማይሞቅ የአረምና የቲማቲም ዘር ሳይሞት ይወጣል፤ በአትክልት መደብ ላይ ያልተዘራ ቲማቲም ሲበቅል የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች በትሎቹ አንጀት ሲያልፉ ይቀንሳሉ እንጂ ሁልጊዜ ይጠፋሉ ማለት አይቻልም፤ የወስፋት እንቁላል በተለይ ጠንካራ ነው። እርግጠኛ መሆን የሚፈልግ ሰው እበቱን አስቀድሞ በ55 ዲግሪ ቢያንስ ለሦስት ቀናት እንዲሞቅ አድርጎ ከዚያ ለትሎቹ ይሰጣል። የሰው ዓይነ ምድር፣ የውሻና የድመት ኩስ ለምግብ ሰብል በሚሆን ሳጥን ውስጥ አይገቡም። ከሳጥኑ ሥር የሚንጠባጠበውንም ጥቁር ፈሳሽ ያልበሰለ ጥራጊ ያለፈበት ስለሆነ ጥሬ በሚበላ ሰላጣ ላይ ማፍሰስ አይገባም።

ታሪክ

የምድር ትል የሳይንስ ትኩረት ያገኘው በቻርለስ ዳርዊን ነው። በ1837 (እ.ኤ.አ.) ለለንደን የጂኦሎጂ ማኅበር ስለ ትሎች ጽሑፍ አቀረበ፤ ከ40 ዓመታት በላይ ቆይቶም በ1881 (እ.ኤ.አ.)፣ ከመሞቱ ጥቂት ወራት በፊት፣ በትሎች ላይ ያተኮረውን የመጨረሻ መጽሐፉን አሳተመ። በቤቱ ማሰሮ ውስጥ ትል አስቀምጦ ያጠና ነበር፤ በሦስት ማዕዘን የተቆረጠ ወረቀት እየሰጠም በየትኛው ጫፍ ወደ ጉድጓዳቸው እንደሚጎትቱት ቆጥሯል። በብዙ የእንግሊዝ ቦታዎች በአንድ ኤከር መሬት በዓመት ከ10 ቶን በላይ አፈር በትሎች አንጀት እንደሚያልፍ ገምቷል። እስከዚያ ዘመን ትል የአትክልት ተባይ ተደርጎ በሚቆጠርበት አገር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ትልን ቆሻሻ ለማብላላት ማርባት በስፋት የታወቀው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። በሚሺጋን ትኖር የነበረችው አሜሪካዊት መምህር ሜሪ አፐልሆፍ በ1982 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመችው መጽሐፍ ሥራውን ወደ ቤት ውስጥ ሳጥን አወረደው። በዚያው አሥርት ዓመት ክላይቭ ኤድዋርድስ በእንግሊዝ የሮታምስተድ የምርምር ጣቢያ የእንስሳት ፍግን በትል የመለወጥ ጥናት አካሄደ። ኩባ ደግሞ ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ በ1990ዎቹ ከውጭ የሚገባው ማዳበሪያ ሲቋረጥባት የትል ኮምፖስትን በአገር ደረጃ አስፋፋች፤ ለእርሷ ጉዳዩ የአካባቢ ጥበቃ ሳይሆን የእንጀራ ጉዳይ ነበር።

ወደ ዱር የወጡ ትሎች

ትል ባለበት ሁሉ መልካም ነው የሚለው እምነት የማይሠራባቸው ቦታዎች አሉ። በሰሜን አሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል የነበሩ ትሎች በበረዶ ዘመን ጠፍተው ስለነበር፣ የዚያ አካባቢ ደኖች ለሺህ ዓመታት ያለ ምድር ትል ኖረዋል፤ ወለላቸውም በወፍራም የቅጠል ንጣፍ የተሸፈነ ነበር። ከአውሮፓ ሰፋሪዎች ጋር፣ በኋላም በዓሣ አጥማጆች እጅ የገቡ ትሎች ንጣፉን እየበሉ ጨረሱት። በሚኒሶታ ደኖች ውስጥ በዚያ ንጣፍ ላይ የሚበቅሉ ችግኞችና አበባዎች ተመናምነዋል። በቅርብ ዐሥርታት ደግሞ ከእስያ የመጡ፣ ሲነኩ የሚዘሉ ትሎች ተጨምረዋል። ሳጥን ውስጥ የሚረባው ቀይ ትል በዚህ ጥፋት ዋነኛው ተጠያቂ አይደለም፤ ሆኖም ዝርያው ሳይታወቅ የተገዛን ትል ወደ ደን መጣል በእነዚያ አገሮች በጥብቅ የማይመከር ነው።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ቨርሚኮምፖስት በምርምር ማዕከላትና በግብርና ባለሙያዎች በኩል የታወቀ ነው፤ በብዛት የሚረባውም ከአውሮፓ የመጣው ቀይ ትል ነው። የወይና ደጋው አየር ለዚህ ትል በጣም ይስማማል። በደጋ በቅዝቃዜው ወራት ሥራው ይዘገያል፤ በቆላ ደግሞ ጥላና ውኃ ካልተጠበቀለት ትሉ አይተርፍም።

ፈተናው ያለው ከአየሩ ይልቅ በጥሬ ዕቃው ነው። በደጋው እበት ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ የጤፍና የገብስ ገለባ የከብት መኖ ነው፤ ጭድ ለግድግዳ ጭቃም ይፈለጋል። የባሕር ዛፍ ቅጠል እንኳ ትርፍ አይደለም፤ ከእንጦጦ ተራራ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ለአዲስ አበባ ምድጃዎች ሲያቀርቡ ኖረዋል። አንድ ቤተሰብ እበቱን ለትል ይስጥ ሲባል እራቱን በምን ያበስል የሚለው ጥያቄ አብሮ መመለስ አለበት። ባዮጋዝ ያላቸው ቤቶች በዚህ ይጠቀማሉ፤ ከማብላያው የሚወጣው ዝቃጭ ጋዙን ሰጥቶ ሲያበቃ፣ ጠንፈፍ ብሎና ከቅጠል ጋር ተደባልቆ ለትል ይሆናል።

በከተማ ሁኔታው የተገላቢጦሽ ነው፤ በዚያ የሚበሰብሰው ነገር ትርፍ ነው። ከአዲስ አበባ ደረቅ ቆሻሻ የሚበዛው እንዲህ ያለ ሲሆን፣ አየር በሌለበት ሲቀበር ሚቴን የሚባለውን ጋዝ ያወጣል። ለአሥርታት የከተማዋ መጣያ የነበረው የቆሼ ክምር መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎችን ገድሏል። በየቤቱ ያለ የትል ሳጥን የከተማን ቆሻሻ ብቻውን አይፈታም፤ ከየቤቱ በላስቲክ ታስሮ ከሚወጣው ግን ከባዱንና የሚሸተውን ክፍል የሚያስቀረው እርሱ ነው። በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይም ጥላ ካለ ሊቀመጥ ይችላል።

ሌላው ሰፊ ምንጭ ቡና ነው። እሸት ቡና በሚታጠብባቸው ጣቢያዎች የሚቀረው ልጣጭ ወደ ወንዝ ሲለቀቅ እየበሰበሰ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። በኮሎምቢያ የቡና ምርምር ማዕከሉ ሴኒካፌ ይህንኑ ልጣጭ በቀይ ትል ወደ ማዳበሪያ የመለወጥን ዘዴ አጥንቶ ለገበሬዎች አስተምሯል። ልጣጩ መጀመሪያ ተከምሮ እንዲሞቅና ኮምጣጤነቱ እንዲቀንስ ይደረጋል፤ ከዚያ በስስ ንጣፍ ለትሎቹ ይሰጣል፤ ሲበስልም ወደ ቡናው ችግኝ ጣቢያ ይመለሳል። በሲዳማ፣ በይርጋ ጨፌና በጅማ አካባቢም በቡና መልቀሚያ ወራት የሚከመረው ልጣጭ ለእንዲህ ያለው ሥራ የሚሆን ነው።